«መጨረሻውን ንገረኝ»

መስኮት በማጽዳት ነው የምተዳደረው። መኖሪያ ቤት፣ የሱቅ መስታወት፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ ቢሮዎች። በስደት ያገኘሁት ሙያ ነው። ሙያ ስል የሚስቁ ዘመዶች አሉኝ፣ ይሳቁ። ከፍታውንም ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ለምጄውም የሚያደክመኝ የዋጋ ክርክሩ ነው።

ስልኩ ይጮኻል። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም፣ «መስኮት ለማጽዳት ስንት ነው?» ብቻ። ስንት መስኮት እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ከውጭ ብቻ ይሁን ከውስጥም፣ ምንም። በዚህ ሥራ ያሉ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ «ይሄ ርካሽ ፈላጊ ነው» ይሉና ሆን ብለው ዋጋውን ይሰቅሉበታል፣ እንዲሸሽ። ጭራሽ የማያነሱም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው በዕድሜው መስኮት አስጸድቶ ላያውቅ ይችላል። ሰው ስለማያውቀው ነገር የሚጠይቀው መጀመሪያ ዋጋ ነው። እኔስ መኪናዬ ስትበላሽ መካኒኩን ከ«ስንት ይፈጃል?» ሌላ ምን እጠይቀዋለሁ?

ስለዚህ ዋጋ ከመናገሬ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ። መጨረሻ የጸዳው መቼ ነው? ቤቱ በቅርቡ ታድሷል ወይ? ቀለም ተቀብቷል ወይ? ወደ ጓሮ የሚያስገባ በር አለ? የምር ደንበኛ የሆነ ሰው ይመልሳል፣ አንዳንዱም እስኪ ልቁጠር ብሎ ስልኩን ይዞ ቤቱን ይዞራል። ያልሆነው «አንተ ብቻ መጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። መጨረሻውን! እኔ መጀመሪያውን ገና አላየሁትም።

የኛ ሰዎች ደንበኛ የሚለዩበት ዘዴ ደግሞ ጉድ ነው። ትልቅ ቤት ያለው ቆንቋና ነው ይባላል። አሮጌ መኪና በር ላይ ካለ አይከፍልም። አዛውንት ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን ወሬ ያበዛሉ። መጤ ከሆነ፣ ማለትም እንደኛ ከሆነ፣ ይከራከራል። የአገር ልጅ ከሆነማ ነገሩ አለቀ፣ በነጻ ሥራልኝ ሊል ነው። ይሄን ሁሉ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው በመልካቸውና በአነጋገራቸው ሲገመቱ የሚውሉ ናቸው፤ እሱ ነው የሚገርመኝ። ደንበኛው በር ከፍቶ ከኋላዬ ሌላ ሰው ሲፈልግ፣ «ባለቤቱስ?» ሲል፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ ስለው ደግሞ ድንገት ዋጋው ሲበዛበት፣ ይሄን ሁሉ እናውቀዋለን። ከክፍል ክፍል እየተከተለ እጅህን የሚያይህም አለ። ታዲያ እኛ ደግሞ ዞረን በሰው መኪና ሰው እንመዝናለን?

በኔ ሚዛን የሚያስፈራው ሌላ ነው። «ዋጋው ችግር የለውም፣ ብቻ ጥሩ አድርገህ ሥራ» የሚል ደንበኛ። ይሄን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ዋጋ የሚከራከር ሰው ለመክፈል እያሰበ ነው፣ ባያስብ ምን አከራከረው? ዋጋ የማይጠይቅ ግን ወይ በልቡ የራሱን ዋጋ ቆርጦ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ «ጥሩ» የሚለው ነገር ከሰው አቅም በላይ ነው። ሁሉም እንደዛ ነው አልልም። እንዲህ ላለው ግን ዋጋውንና የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ሳልክለት ባልዲ አላወርድም።

ብዙው ክርክር የሚነሳው በመጀመሪያው ጽዳት ላይ ነው። «ጎረቤቴን በዚህ ዋጋ እየሠራህላት እኔን ለምን?» ይላል። ጎረቤቲቱ በየወሩ የምታስጸዳ ናት፣ የሷ መስኮት ላይ የወር አቧራ ብቻ ነው ያለው። የሱ መስኮት ላይ ግን የዓመታት ነገር አለ። የሸረሪት ድር፣ የወፍ ኩስ፣ ክፈፉ ጥግ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ ቀለም ቀቢ ያንጠባጠበው። መስታወቱ ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው፣ ጊዜ የሚበላው ዙሪያው ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የሚወደደው፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ከሆነ ግን ይቀንሳል። ይሄንን ቁጭ ብዬ ሳስረዳ አብዛኛው ሰው ይገባዋል። ችግሩ እኛ አናስረዳም፣ ቁጥር ወርውረን እንኮራለን።

የደረቀ ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ደንበኛው «በምላጭ ፋቅ ፋቅ ብታደርገው ይለቃል» ይልሃል፣ እውነት ነው፣ ይለቃል። ነገር ግን ቴምፐርድ የሚባለው፣ እንዲጠነክር የተሠራ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲሞቅ ተደርጎ በአየር ባንዴ የሚቀዘቅዝ ነው፣ ምድጃው ውስጥ እያለም ጥቃቅን የመስታወት ብናኝ ላዩ ላይ ሊጣበቅበት ይችላል። ምላጩ ያንን ብናኝ ነቅሎ ይጎትተዋል፣ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ መስታወቱ በሙሉ ጭረት ነው። ጭረቱን አታጥበው፣ አታስለቅቀው፣ መስታወቱን ትገዛለህ። ስለዚህ ለቀለም ሥራ ለብቻው አስከፍላለሁ፣ ምላጭ ከመንካቴ በፊትም ደንበኛው ስለ ጭረቱ አውቆ መፈረም አለበት።

ከዚያ ደግሞ የሰዓት ስሌት አለ። «አንድ ሰዓት ለማይሞላ ሥራ ይሄን ሁሉ?» በጣም የምሰማው ይሄን ነው። ቶሎ የጨረስኩት ስለማውቀው ነው፣ ቀስ ብል ኖሮ ይቀንስልህ ነበር ወይስ ይጨምርብህ? ይሄንን ግን ጮክ ብዬ አልልም፣ በሆዴ ነው። የምለው፣ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ ዝናብ የበላውን ቀን ነው። መሰላሉንም እጨምራለሁ፣ 4 ሜትር ላይ ሲደገፍ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር መራቅ አለበት፣ አትክልቱ ቦታ ከዘጋ ሌላ መላ መፈለግ ነው።

እግረ መንገዴን፣ በእጄ የያዝኩትን ስኩዊጂ፣ ማለትም ውሃውን ከመስታወት የምጠርግበትን ባለ ላስቲክ መጥረጊያ፣ ዛሬ ባለበት ቅርጽ የሠራው ሰውም ስደተኛ ነበር። ኤቶሬ ስቴኮኔ ይባላል፣ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ሄዶ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ መስኮት ያጸዳ የነበረ ሰው። ከሱ በፊት የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረት ነበር፣ ላስቲኩን ለመቀየርም ብዙ ብሎን መፍታት ያስፈልግ ነበር። እሱ ከናስ ቀለል ያለ፣ አንድ ቀጭን ላስቲክ ያለው ሠርቶ በ1936 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዛሬም ስሙ ስኩዊጂው ላይ ተጽፎ ይሸጣል። ፍጥነቴ ውድ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እሱንም እንዲህ ብለውት ይሆን እላለሁ።

ስለ ውሃው ደግሞ ልንገራችሁ። ከፍ ላለ መስኮት የምጠቀመው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ብሩሽ አለው፣ በውስጡም የተጣራ ውሃ ይወጣል። የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል። የኔ ግን በውሃው ውስጥ የቀረውን ማዕድን የሚለካው መለኪያ 0 እስኪያሳይ ድረስ የተጣራ ነው፣ ስለዚህ ሳይወለወል ሲደርቅ ምንም አይተውም። ታዲያ አዲስ ደንበኛ ምን ያያል? ሰውየው መስኮቴን አርሶ ዕቃውን ሊጭን ነው! «ሳትወለውለው ልትሄድ ነው?» ብሎ እየሮጠ የወጣ ሰው አጋጥሞኛል፣ በነጠላ ጫማ፣ በብርድ። እስኪደርቅ አብረን ቆምን። ደረቀ። ከፈለኝ፣ ነገር ግን ውሃ ብቻ ከሆነማ ትንሽ አስተያየት አድርግ አለኝ። ሲያዩት ቀላል የሆነ ነገር ሁሉ መርከስ አለበት።

ታዲያ ዋጋ እቀንሳለሁ ወይ? በባዶ አልቀንስም። አስተያየት አድርግ ሲባል ወዲያው የወረድኩ እንደሆነ፣ ደንበኛው የሚያስበው ይሄ ሰው ቅድም ሊያታልለኝ ነበር ነው፣ ልክም ነው። ሥራውን ግን እቀንሳለሁ። ከውጭ ብቻ ይሁን፣ የጓሮው ይቅር፣ ወይ በየወሩ እንመዝግብህ። አንዲት እናት ነበሩ፣ የአገር ሰው፣ ስልክ ላይ ዋጋውን ስነግራቸው «ኧረ ልጄ! ለኔም እንደዚህ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ የውስጡን እንተወው፣ እሱን ልጅዎ ይወለውለው፣ እኔ የውጩን ልሥራ» አልኳቸው። ዝም አሉ፣ አሰቡ። «ልጄ መች ይሰማኛል ብለህ ነው፣ በል የውጩን ሥራ» አሉ። የአገር ሰው በነጻ ሥራልኝ ነው የሚለው ያሉኝ ጓደኞቼ ይስሙ፣ እሳቸው ዛሬ የምሄድበት ቀን ሲደርስ የአበባ ማሰሮውን ሁሉ ከመስኮቱ ደፍ አንስተው፣ መጋረጃውን ሰብስበው የሚጠብቁኝ ደንበኛ ናቸው። ዋጋም ስጨምር ያጉረመርማሉ እንጂ አይቀሩም። የውስጡን ግን እስከ ዛሬ አላሠሩኝም፣ ልጃቸውም አልወለወለውም፣ ከአንድ በኩል ብቻ ያበራል።

ግምት በመጨረሻም ይመጣል፣ ሒሳብ ሲደርስ። «ይሄኛው አልጸዳም፣ ጭጋግ አለበት» ይባላል። ታሻለህ፣ አይለቅም። ከውስጥ ታሻለህ፣ አይለቅም። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ ጭጋጉ ያለው በሁለቱ መሃል ነው፤ ማሸጊያው ተበላሽቶ እርጥበት ገብቷል፤ ያንን ደግሞ መስኮት ሠሪ ይቀይረዋል እንጂ ጽዳት አይነካውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከደንበኛው ጋር ቤቱን እዞራለሁ፣ መሃሉ ጭጋግ ያለበትን፣ የተጫረውን፣ የተሰነጠቀውን አሳየዋለሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳለሁ። ያ ዙረት ትንሽ ጊዜ ነው የሚወስደው፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ላይ የሚነሳው ንግግር በጣም አጥሯል። ሰውየውም ደስ ይለዋል፣ ስለ ራሱ ቤት የማያውቀውን ነግሬዋለሁና።

ባለፈው አንድ አዲስ ሰው ደውሎ ነበር። ዋጋ ከመናገሬ በፊት የመስኮቶቹን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። የአንዱን ብቻ ላከና ከሥሩ «ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው» ብሎ ጻፈ። የላከው መስኮት የሚያምር ነው፣ መሬት ላይ ነው ያለው፣ ትንሽ ነው፣ መሰላልም አይፈልግም። ነገ ሄጄ ሌሎቹን አያለሁ። መሰላሉን ግን ይዤ ነው የምሄደው።