ቂሜን ይዤ ጆሃንስበርግ

ለባንያና ባንያና፣ ለደቡብ አፍሪካ የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን፣ አሮጌ ቂም ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሉሲዎቻችን፣ የእኛ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ለለንደን ኦሎምፒክ አንድ ተጋጣሚ ብቻ ሲቀራቸው ያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ሆነ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ በሬዲዮ ነበር የተከታተልኩት። ባትሪው ደክሞ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። በመጨረሻ ቢጫና አረንጓዴ ለባሾቹ አለፉ። የእኛዎቹ ሳይሆኑ የእነሱ።

ይህን ቂም ይዤ ነው በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ጆሃንስበርግ የገባሁት። የሄድኩት ለኳስ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከሆሳዕና ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። እናቱ «ዓይኑን አይተሽልኝ ነይ» ብላ በርበሬና ሽሮ አሸክማ ላከችኝ። ገና ከአየር ማረፊያው ሳንወጣ፣ «ማክሰኞ ፕሪቶሪያ ላይ ሴቶቹ ከናይጄሪያ ጋር ይጫወታሉ። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ነው። እንሂድ እንዴ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ናይጄሪያም ብትሆን ዕዳ አለባት። በዚያው ማጣሪያ፣ በጥቅምት ወር፣ ሉሲዎቻችንን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 1 ተለያይታ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 የሸኘች እሷ ናት። ሁለት ባለዕዳዎቼ ሊጋጠሙልኝ ነው። የማን መሸነፍ የበለጠ ደስ እንደሚለኝ ሳሰላስል አደርኩ። በነጋታው ደግሞ የመጀመሪያውን ጨዋታ ናይጄሪያ አቡጃ ላይ 1 ለ 0 ማሸነፏን ሰማሁ። በፍፁም ቅጣት ምት፣ የራሺዳት አጂባዴ ግብ።

ቅዳሜን ጄፒ ዋልን። ጄፒ የሐበሻ መንደር ነው። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበረ ትልቅ ሕንፃ አለ፤ ዛሬ እስከ ላይ ድረስ ሱቅ በሱቅ ነው። ጂንስ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ መጋረጃ። ቡና ይሸታል። ሁዳዴ ስለነበር በያይነቱ በላን። አማርኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ኦሮምኛ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። አንድ ጊዜ መርካቶ ያለሁ መስሎኝ ዋጋ በብር ጠየቅሁ። ልጁ ሳይስቅ በራንድ መለሰልኝ።

የመንገዱ ስም ግን አሁን ጄፒ አይደለም። ራሂማ ሙሳ ተብሏል። ራሂማ ሙሳ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 የጥቁሮችን እንቅስቃሴ የሚገድበውን የይለፍ ወረቀት ሕግ ተቃውመው ፕሪቶሪያ ላይ የተሰለፉትን 20,000 የሚሆኑ ሴቶች ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ናት። የአክስቴን ልጅ «ታውቃታለህ?» አልኩት። «ታርጋው ላይ አያታለሁ» አለ። እሱ ምን ያድርግ፣ የራሳችን ሰው ፒያሳን በሌላ ስም ቢጠሩበት ይሰማል እንዴ?

እሁድ ወደ አክስቴ ልጅ ሱቅ ሄድን። ሱቁ ያለው ጻካኔ ነው፤ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ያለ ሎኬሽን። ሎኬሽን የሚሉት በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከከተማ ውጪ እንዲሰፍሩበት የተደረገውን ሰፈር ነው። ታክሲው ረዳት የለውም። ከኋላ ያሉት ገንዘብ ወደ ፊት ያቀብላሉ፣ ፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ ቆጥሮ መልስ ይመልሳል። ሳላውቅ ፊት ተቀመጥኩ። የአሥራ አምስት ሰው ሒሳብ እጄ ላይ ወደቀ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ መልሷን ስትጠብቅ ላቤ ጠብ አለ። የአክስቴ ልጅ በሳቅ ሞተ እንጂ አልረዳኝም።

ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ገዢ እጁን ያስገባል፣ ዕቃ ይቀበላል። የሰፈሩ ልጆች ሐበሻ ሻጭን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል። ስሙን ማንም አይጠይቅም። አሥር ዓመት ሙሉ ማይ ፍሬንድ ሆኖ ኖረ። አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቻ በስሙ ትጠራዋለች። እሷም ቢጫ ማልያ ለብሳ፣ ከወንዶች ጋር ኳስ ስትራገጥ ነው ያገኘናት። ጫማዋን ለግብ ምሰሶ አቁማዋለች።

ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት እናት፣ ሁሉም ማማ የሚሏቸው፣ ለጨዋታ እንደመጣሁ ሲሰሙ «ስታዲየማችንን ሳታይ አትሄጂም» አሉ። ይዘውኝ ሄዱ። የጻካኔ ስታዲየም ከውጪ ሲያዩት ምንም አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2023 ዓለም ስሙን የሰማው እዚህ በሆነው ነገር ነው። ባንያና ባንያና ወደ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ለዓለም ዋንጫ ከመሄዳቸው በፊት የሽኝት ጨዋታ ከቦትስዋና ጋር ተያዘላቸው። ቦታው እዚህ። ተጫዋቾቹ መጥተው ሜዳውን አዩ። ደረቅ ነው፣ ጉዳት ያመጣብናል አሉ። የክፍያው ጉዳይም አልተቋጨም ነበር። አንጫወትም አሉ፤ አልተጫወቱም።

እኔ ይህን ዜና ያኔ አዲስ አበባ ሆኜ ሳነብ «ጠገቡ» ነበር ያልኩት። የአፍሪካ ሻምፒዮን ናቸዋ! ከዓመት በፊት ራባት ላይ፣ በሞሮኮ ሜዳ፣ በሞሮኮ ሕዝብ ፊት፣ ሂልዳ ማጋያ ሁለት አግብታ 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫ ወስደዋል። አሁን ግን ሜዳው ዳር ቆሜ ሳስበው ሌላ ሆነብኝ። ሙያሽ እግርሽ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓለም ዋንጫ አለ። እዚህ ቁርጭምጭሚትሽ ቢዞር ማን ያስታምምሻል?

ፌዴሬሽኑ በቶሎ ሌሎች ልጆች ሰብስቦ አስገባ። ከመካከላቸው አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ቦትስዋና 5 ለ 0 አሸነፈች። ማማ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የ13 ዓመት!» አሉ እንደገና። በኋላ የባለሀብቱ የፓትሪስ ሞትሴፔ ፋውንዴሽን 6 ሚሊዮን ራንድ ሰጥቶ የክፍያው ነገር በረደ። እነዚያው አንጫወትም ያሉት ሴቶች ሄደው ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸነፉ። ማሸነፊያዋን ቴምቢ ክጋትላና በጭማሪ ሰዓት አስቆጠረች። ከወንድም ከሴትም፣ የደቡብ አፍሪካ ዋና ብሔራዊ ቡድን በዓለም ዋንጫ ከምድቡ ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከጻካኔ ወደ ክዋቴማ፣ ወደ ሌላኛው ሎኬሽን፣ ሩቅ አይደለም። ማማ «አንድ ነገር ላሳይሽ» አሉና ወሰዱን። ትንሽ ድልድይ ናት። የዩዲ ሲሜላኔ መታሰቢያ ናት። ዩዲ የባንያና ባንያና የመሐል ተጫዋች ነበረች፤ የክዋቴማ ልጅ። የሰፈሩን ልጆች ታሠለጥን ነበር፣ ዳኛ የመሆን ሕልምም ነበራት። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኗን አልደበቀችም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2008 ደፍረው በስለት ወግተው ገደሏት። 31 ዓመቷ ነበር። ብዙዎች የተገደለችው በማንነቷ ነው ይላሉ። ማማ ብዙ አላወሩም። ድልድዩ ላይ የወደቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሱና በቦርሳቸው ከተቱ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1 ቀን፣ በጋውትሬን ወደ ፕሪቶሪያ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማስቲካ ማኘክ እንኳ ክልክል ነው። ፕሪቶሪያ በሐምራዊ አበባዋ በጃካራንዳ ትታወቃለች ብለውኝ ካሜራዬን አዘጋጅቼ ነበር። ጃካራንዳ የሚያብበው በጥቅምት ነው። እኔ የደረስኩት በመኸራቸው ነው፤ ቅጠል በቅጠል። ያም ሆኖ የመንግሥት መቀመጫ ወደሆነው ዩኒየን ሕንፃ ወጣን። እነዚያ 20,000 ሴቶች የቆሙበት ደረጃ ያለው እዚያ ነው። ጸጥ ብለው 30 ደቂቃ ቆሙ ይባላል። እኔ ሰው ሲሰበሰብ ጸጥታ አይቼ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ።

ሎፍተስ ቨርስፌልድ የራግቢ ቤት ነው። ከ50,000 በላይ ሰው ይይዛል። የድሮው ዘመን የነጮች ስፖርት ቤት ውስጥ ሴቶች ኳስ ሊጫወቱ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጎልማሳ ናት፣ ባንዲራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። «ሲሲ፣ ከየት ነሽ?» አለችኝ። ኢትዮጵያ ስላት፣ «አሀ፣ በ2011 አሸንፈናችኋል!» አለች። ታስታውሳለች! አሥራ ሦስት ዓመት የያዝኩትን ቂም እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ ነበር። እጅ ሰጠሁ። ያን ማታ የባንያና ሆንኩ።

ባንያና ማለት በሶቶና በጽዋና ልጃገረዶች ማለት እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። ልጃገረዶች ልጃገረዶች። «አሠልጣኛችንን እያት፣ ዕድሜዋ 61 ነው፤ እሷም ልጃገረድ» ብላ ሳቀች። ዴዚሬ ኤሊስ ናት። የኬፕታውን ልጅ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ሜዳ ውስጥ ነበረች፤ ያኔ 30 ዓመቷ ነበር። ስዋዚላንድን 14 ለ 0 አሸነፉ፣ ሦስቱን እሷ አስቆጠረች። ከቡድኑ ጋር ተወልዳ ከቡድኑ ጋር ሸበተች ማለት ነው። መስመሩ ዳር እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

ስለ ጨዋታው ብዙ የምለው የለኝም። ናይጄሪያ አንድ ግብ ይዛ መጥታለች፣ እሱን ልትጠብቅ። ጠበቀች። ባንያና ኳስ ይይዛሉ፣ ይቀባበላሉ፣ በክንፍ ይመጣሉ፣ የመጨረሻዋ ኳስ እንቢ ትላለች። ቺያማካ ናዶዚ ግቡ ላይ እንደ ዋርካ ቆማለች። ከእረፍት በኋላ ሕዝቡ ዘፈን ጀመረ። ቩቩዜላው ጆሮዬን በጠሰው። የናይጄሪያ ደጋፊዎች ጥግ ላይ ከበሯቸውን አላቆሙም። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከጎኔ ያለችው ሴት እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባብኝ። ፊሽካ ተነፋ። ዜሮ ለዜሮ። ናይጄሪያ ከቤጂንግ 2008 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባች።

ያን ጊዜ ባትሪው የደከመው ሬዲዮ ትዝ አለኝ። በመጨረሻው ዙር፣ ደጃፉ ላይ። ሴትዮዋ ባንዲራዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት «አሁን ገባሽ?» የምትለኝ መሰለኝ። ግን ያለችው፣ «ቶሎ ውጡ፣ በኋላ ትራፊኩ አያስወጣችሁም» ነው። ልክ ነበረች። ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ፍርግርጉ ጋ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ያቺ ልጅ መጣች። ያው ቢጫ ማልያ። ግማሽ ዳቦ ፈለገች። የአክስቴ ልጅ እንዳላወቀ ሆኖ፣ «ትናንት ስንት ለስንት ወጣችሁ?» አላት።

«ዜሮ ለዜሮ።»

«ተሸነፋችኋላ።»

«ዜሮ ለዜሮ መሸነፍ አይደለም» አለች ኮስተር ብላ። ሳንቲሟን ቆጥራ በፍርግርጉ አስገባች። ቆጠረው። «ሁለት ራንድ ጎድሏል» አለኝ በአማርኛ። ዳቦውን ግን ሰጣት።