ፊንላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዝዳንት ስመርጥ

የፊንላንድ ዜግነት ባገኘሁ በዓመቱ፣ በፈረንጆች 2024፣ የፕሬዝዳንት ምርጫ ደረሰ። እዚህ አገር ቋሚ ነዋሪ የሆነ የውጭ ሰው ለማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ፕሬዝዳንት የሚመርጠው ግን ዜጋ ብቻ ነው። መራጭ መሆኔን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ልመዝገብ ብሎ መሰለፍ የለም፤ ስማችን ከሕዝብ መዝገብ በቀጥታ ይወሰዳል።

ዕጩዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ማን ስለ ኑሮ ውድነት፣ ማን ስለ ሐኪም ወረፋ ምን እንዳለ ስፈልግ ሁለት ምሽት አለፈ። ያቃናችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ይሄ እኮ የመንግሥትና የፓርላማ ሥራ ነው» አለችኝ። ፕሬዝዳንቱ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የውጭ ፖሊሲን ይመራል፤ የጦር ኃይሉም ጠቅላይ አዛዥ ነው። ከሩሲያ ጋር 1,340 ኪሎ ሜትር ድንበር ላለውና ያኔ ኔቶ ከገባ ዓመት ላልሞላው አገር ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ክርክሩን በሌላ ጆሮ ሰማሁት።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ከዕጩዎቹ አንዱ ፔካ ሃቪስቶ ነበሩ። በ2021፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ የአውሮፓ ኅብረት መልእክተኛ ሆነው ኢትዮጵያ ሄደዋል። እኛ ሐበሾች ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር፤ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። እኔም መጀመሪያ በዚያው ዓይን ነው ያየሁት። በኋላ ግን ልጆቼን አሰብኩ። የሚያድጉት እዚህ ነው፤ ወንዱ ነገ ወታደራዊ አገልግሎት ይጠራል። እሱን የሚያዘው ማን ይሁን ብዬ ነው ጥያቄውን እንደገና የጀመርኩት።

የምርጫው ቀን ጥር 28 በፈረንጆች፣ እሑድ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ሰፈሬ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አስመራጯ ዝርዝሩን አየችና «ስምህ እዚህ የለም» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ ቀድሞ ለሚመርጥ ሰው የትኛውም ጣቢያ ይሆነዋል፤ በዕለቱ ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የኔ ጣቢያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ጣቢያው የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በረዶው ላይ እየሮጥኩ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። መታወቂያ ታሳያለህ፣ ወረቀት ይሰጡሃል፣ መጋረጃው ጀርባ ክቡ ውስጥ የዕጩህን ቁጥር ትጽፋለህ። ስም አይጻፍም፤ ሌላ ነገር ከጫርክበት ድምፅህ ይበላሻል። አጥፈህ ስትመጣ ማህተም ይመቱበታል፣ ሣጥኑ ውስጥ ትከታለህ። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግማሽ ድምፅ ያገኘ ስላልነበረ አሌክሳንደር ስቱብና ሃቪስቶ ለሁለተኛው ዙር አለፉ። ያን ጊዜ አልተሞኘሁም፤ ገበያ ማዕከል ውስጥ ቀድሜ መረጥኩ።

ፊንላንዶች «የምርጫ ቡና» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ከመረጡ በኋላ ቡና ይጠጣሉ። በፈረንጆች የካቲት 11 ማታ እኛም ጀበናችንን ጥደን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ስቱብ በ51.6 በመቶ አሸነፉ፤ ሃቪስቶም እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው። ማንን እንደመረጥኩ ለራሴ ይቅር።

እማዬ ከደሴ ደወለች። «ምርጫው አለቀ? ሰላም ነው?» አለችኝ።

«ሰላም ነው እማዬ። ሁለተኛውን እየቀዳን ነው።»