ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፎርማት ማድረግን ነው። ፎርማት የሚፈታው ችግር በእርግጥ አለ፤ የተበላሸ ዊንዶውስ፣ በላይ በላይ የተከመረ ፕሮግራም፣ ሥር የሰደደ ቫይረስ። እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክን፣ ያነሰ ራምን፣ የላላ ማቀዝቀዣን፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይን ግን አያድንም። ፋይል ተገልብጦ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ፕሮግራም ሁሉ ዳግም ከገባ በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ መለካት ይቅደም። መለካት ያለበትም ማሽኑ ደህና በሆነበት ሰዓት ሳይሆን በሚዘገይበት ቅጽበት ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ከዚያ «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ገጽ ግቡ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክና ጂፒዩ (ግራፊክሱ) ጎን ለጎን ይታያሉ። ማሽኑ ሲደርቅ ከአራቱ የቱ ነው ጣሪያ የነካው? መልሱ ቀጥሎ የሚሠራውን ይወስናል።

እዚያው ሲፒዩ ገጽ ላይ ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚያሳይ «አፕ ታይም» የሚል ቁጥር አለ። ማታ ማታ የሚጠፋ ኮምፒውተር ላይ ይህ ቁጥር አሥርና ሃያ ቀን ሊያሳይ ይችላል። ምክንያቱ «ፋስት ስታርታፕ» ነው። ይህ አሠራር በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ሲባል ዊንዶውስ የራሱን እምብርትና ድራይቨሮቹን (ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ፕሮግራሞች) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ጠዋት የሚነሳው ከዚያው ካቆመበት ነው። የተንገዳገደ ድራይቨር ካለ እንደተንገዳገደ ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉ፤ አጥፍቶ ማብራት አይተካውም።

አሁን ወደ ዲስኩ። ሃርድ ዲስክ ባላቸው ማሽኖች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፦ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል ይላል፣ የሚያነበው ግን በሰከንድ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ቫይረስ ነው ይላሉ። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። ማንበቢያው ክንድ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ደግሞ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሲደመር ለአንድ ንባብ 13 ሚሊሰከንድ፣ በሰከንድ ደግሞ ከ80 የማይበልጥ ንባብ ይሆናል። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ከሆነ የሚገኘው በሰከንድ 300 ኪሎባይት አካባቢ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ አፕዴት ሲያወርድ፣ አንቲቫይረሱ ሲፈትሽና የፋይል ማውጫው ሲዘጋጅ የሚጠየቁት እንዲህ ያሉ ትንንሽና የተበታተኑ ንባቦች ናቸው። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ እንኳ አይችላቸውም።

ለዚህ መድኃኒቱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ መሰኪያ የሚገባው ተራ ኤስኤስዲ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ንባብ ያስተናግዳል። ማዘርቦርዱ አሮጌ ሆኖ ሳታ 2 ቢሆንና የተከታታይ ንባቡ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስም ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የሚያዘገየው የንባቦቹ ብዛት እንጂ የፋይሎቹ ትልቅነት አልነበረምና። ኤስኤስዲውን ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ቦታ ካልተተወለት ሲጽፍ ይፈዛል።

ዲስኩን ከመቀየር በፊት ግን ጤንነቱን እዩ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን የስማርት መረጃ ያሳያል። ቁጥሮቹን በሄክሳዴሲማል ስለሚጽፋቸው ከምርጫዎቹ ውስጥ ወደ ተራው አቆጣጠር ቀይሩት። ከረጅሙ ዝርዝር አራት መስመር ይበቃል። 05 ዲስኩ ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የማስቀመጫ ክፍሎች) ቁጥር ነው። ሲ5 ማንበብ አቅቶት በጥርጣሬ የያዛቸው ናቸው። ሲ6 ሊታረሙ ያልቻሉት ናቸው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነና ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ዲስኩ እየሞተ ነው። አንዱን መጥፎ ሴክተር ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ማሽኑ ለብዙ ሰከንድ ደርቆ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ታስክ ማኔጀር ላይ የዲስኩን «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» ብታዩት በዚያች ቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይላል።

እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ዲፍራግመንት (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) አታድርጉ፣ ቼክ ዲስክን በሙሉ የገጽ ፍተሻ አታስኬዱ። ሁለቱም ክንዱን ለሰዓታት ያሯሩጡታል፤ የቀረውን ዕድሜ ፋይል ለማውጣት እንጂ ለፍተሻ ማዋል አይገባም። መጀመሪያ አስፈላጊውን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

አራተኛው መስመር ሲ7 ነው፤ ይህ ብዙ ጤነኛ ዲስክ በከንቱ አስጥሏል። የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃን ነው። ሲ7 እየጨመረ ሌሎቹ ሦስቱ ዜሮ ከሆኑ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሳታ ኬብሉ ነው። ኬብሉን ቀይሩ፣ ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት። የተቆጠረው ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን ተፈትቷል ማለት ነው።

ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ተይዞ ዲስኩም አብሮ ከተጨናነቀ የመጀመሪያው ጥፋት የራም ማነስ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ያልተነካውን የራም ክፍል ፔጅ ፋይል ወደሚባል የዲስክ ፋይል ይጥላል፤ መልሶ ሲፈልገው ያነሳል። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ መከራው ድርብ ነው። ፔጅ ፋይልን ማጥፋት ያፈጥናል የሚለውን ምክር አትከተሉ፤ ቦታ ሲያልቅ ፕሮግራሞች ያለማስጠንቀቂያ ይዘጋሉ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ በዚያ ግን አሥር የብራውዘር ገጽ ከፍቶ መሥራት ሥቃይ ነው። 8 ለቢሮ ሥራ ያስኬዳል፣ 16 ካለ ይመረጣል። ስትጨምሩ የራም ዓይነቶች የሆኑት ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 እንደማይቀያየሩ አትርሱ፤ የመሰኪያው ጎድጓዳ ቦታው ይለያያል። አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። ጎን ለጎን ከተሰኩ በነጠላ መስመር ይሠሩና በተለይ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ፍጥነቱ ይጎዳል።

ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ጌም ላይ ሲጎተት ደግሞ ከኋላ እዩ። የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሊገኝ ይችላል።

አራቱም ቁጥሮች መካከለኛ ሆነው ማሽኑ ከዘገየ ሙቀትን ጠርጥሩ። ሲፒዩ ገጽ ላይ «ስፒድ» እና «ቤዝ ስፒድ» አለ። ከባድ ሥራ ላይ ስፒዱ ከቤዙ በታች ከወረደ ወይ የኃይል ምርጫው ቁጠባ ላይ ነው፣ ወይ ፕሮሰሰሩ ሞቆ ራሱን እየገታ ነው። ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ያሳያችኋል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ፣ የራይዘን 7000 ተከታታይ 95 ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሥራ ላይ ከ85 በታች ከሆነ አትጨነቁ።

አቧራ ስታጸዱ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ የተረፈው ኃይል ይውጣ። አየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በነፋስ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር። ከዚያ የማቀዝቀዣውን አራት እግሮች አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጉ። የኢንቴል ማቀዝቀዣ የፕላስቲክ እግሮች ብዙ ጊዜ አንዱ ሳይገባ ይቀራል፤ ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፣ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሲታይ ግን ነጩ ጫፍ አልወጣም። በአንድ ጥግ ብቻ የተነሳ ማቀዝቀዣ ፋኑ እየጮኸ ፕሮሰሰሩን በደቂቃ ውስጥ 100 ያደርሰዋል። እግሮቹን በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን ከዚያ ተቃራኒውን ጫኑ። ማቀዝቀዣው ከተነሳ አሮጌውን ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) በአልኮል ጠርጋችሁ ከአተር የማይበልጥ አዲስ ፔስት መሐል ላይ አድርጉ።

በድንገት የሚጠፋ ወይም ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ማሽን ሌላ መንገድ አለው። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ። «ከርነል ፓወር 41» የሚለው ቀይ መስመር ያስደነግጣል፣ ግን የሚናገረው ማሽኑ በሥርዓት አለመዘጋቱን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «በግቼክኮድ» ዜሮ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልተመዘገበም፤ ኃይል ተቋርጧል ወይም ማሽኑ ጭልጥ ብሎ ደርቋል። ከባድ ሥራ ሲጀመር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ መውጣት የለበትም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኃይል ይይዛል።

ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለያየ ስም ይዞ ከመጣ ራሙን ፈትሹ። የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሌሊቱን አስኬዱት። ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው የባዮስ ምርጫ) በርቶ ከሆነ አጥፉና ድገሙት፤ ስህተቱ ከጠፋ ራሙ ከተመደበለት ፍጥነት ጋር አልተስማማም ማለት ነው። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ራሞቹን አንድ በአንድ፣ በአንድ መሰኪያ እየለዋወጣችሁ ለዩ። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ዲስክ በሚል ስም 7 ቁጥር ወይም 153 ቁጥር ከተደጋገመ ወደ ስማርቱ ተመለሱ።

ሃርድዌሩ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው ወደ ሶፍትዌሩ የሚኬደው። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱን አውጡ። ድራይቨር አዳሽና ፍጥነት ጨማሪ ነን የሚሉትን ሁሉ አስወግዱ። ከዚያ ኤምኤስኮንፊግ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ በኩል የማይክሮሶፍትን አገልግሎቶች (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ደብቃችሁ የቀሩትን አጥፉና ሪስታርት አድርጉ። ማሽኑ ከተፈታ ግማሾቹን መልሱ፤ ችግሩ ከተመለሰ ከዚያ ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልተመለሰ ከሌላው። ሠላሳ አገልግሎት ቢኖር በአምስት ዙር ጥፋተኛው ይገኛል። ታስክ ማኔጀር ላይ «ሲስተም ኢንተራፕትስ» የሚለው በተከታታይ ከጥቂት በመቶ በላይ ሲፒዩ ከበላ ደግሞ ድራይቨር ወይም የተበላሸ ዩኤስቢ ዕቃ አለ፤ ከውጭ የተሰኩትን አንድ በአንድ ንቀሉ።

ይህ ሁሉ አልፎ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ላይ እንኳ ካልተሻለው፣ ያኔ ፎርማት ተገቢ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ዊንዶውስ ከሚገባበት በስተቀር ሌላውን ዲስክ ሁሉ ንቀሉ። ጫኙ የማስነሻ ክፍሉን ሌላ ዲስክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያ ዲስክ አንድ ቀን ሲነቀል ማሽኑ አልነሳም ይላል። ሲጨርስ የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያስተባብረውን ቺፕ) ድራይቨር ጫኑ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ አንድም ፕሮግራም ሳታስገቡ ታስክ ማኔጀሩን ከፍታችሁ ባዶው ማሽን ስንት ራምና ስንት ሲፒዩ እንደሚይዝ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የምታስገቡትን እያንዳንዱን ፕሮግራም በዚያ ቁጥር ትመዝኑታላችሁ።