የወረቀት ዲሲ-3ን አልሙኒየም ማልበስ፦ ከማጣበቂያው ተጠንቀቁ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት በሆነው በሲ-47። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ገላቸው ብር መስሎ የሚታየውን እነዚያን አውሮፕላኖች እወዳቸዋለሁ። በ1፡50 ልክ ከወረቀት ልሠራ ስነሣ (ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል) ብርማ ቀለም ቀብቼ ማለፍ አልፈለግሁም። በዚህ ልክ የቀለሙ ብናኝ እየጎላ ይታያል፤ አውሮፕላኑም አዲስ የተቀባ የቆርቆሮ በር ይመስላል። ስለዚህ እውነተኛ አልሙኒየም፣ ማለትም የወጥ ቤት ፎይል ላለብሰው ወሰንሁ።

ስለ ቆረጣውና ስለ ማጠፉ ብዙ አልልም። ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ስለታም ምላጭ፣ ቀለሙ ያለቀ ስክሪብቶ ለማጠፊያ መስመሮቹ፣ ከውስጥ ደግሞ የካርቶን ድጋፍ። ይኸው ነው።

ያበሳጨኝ ማጣበቂያው ነው። ከሞዴሉ ጋር የመጣው መመሪያ «በውኃ የሚቀጥን ነጭ ኮላ ቀብታችሁ ፎይሉን አልብሱ፣ ከመጽሐፍ ሥርም አሳድሩት» ይላል። እንደተባለው አደረግሁ። በማግሥቱ ክንፉ ያማረ ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ጫፉ ወደ ላይ ተቆለመመ፤ ፎይሉም በደቃቅ ሽብሽቦች ተሞላ፤ መብራት ሲያርፍበት እያንዳንዷ ሽብሽብ ትቆጠራለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ክሮቹ ያብጣሉ፣ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ መልሶ ይሰበሰባል። ፎይል አያብጥም፣ አይሰበሰብም፣ ውኃም አያሳልፍም። እርጥበቱ መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ቀስ እያለ ሲኮማተር ብረቱን ይዞት ይጎብጣል። መጽሐፍ መጫን ነገሩን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያድነውም። ይህን ምክር የሰጠው ሰው በጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ሞክሮ፣ በማግሥቱ አይቶ እንደጻፈው አልጠራጠርም። አሁንም ስናገረው ያናድደኛል፤ ያ ክንፍ ብዙ ምሽት የፈጀ ሥራ ነበርና።

ኮላውን ማቅጠን አልረዳም። በሁለቱም ገጾች ላይ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ካደረቁ በኋላ በሞቀ ካውያ ማያያዝ ለጠፍጣፋ ቁራጭ ጥሩ ነው፤ ቅርጹን የያዘ ክንፍ ግን በካውያ ይጨፈለቃል። በውጭ አገር ያሉ ሠሪዎች የሚያወድሱት የሚረጭ ማጣበቂያ አለ። ዘመዴ ገዝቶ ሊያመጣልኝ ሲል አየር ማረፊያ ላይ ተወሰደበት። ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ይህንንም አስቀድሞ የነገረን የለም።

መፍትሔው ጫማ ሰፊዎች የሚሠሩበት ማስቲሽ ሆነ። ውኃ የለበትም፣ ስለዚህ ወረቀቱን አያሳብጠውም። በካርቶን ጠርዝ በጣም አሳስቶ በወረቀቱም በፎይሉም ላይ መቀባት፣ ጣት ሲነካው እስከማይይዝ ድረስ መጠበቅ፣ ከዚያ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እያሳረፉ በጥጥ መጫን። አንዴ ከነካ ማንቀሳቀስ የለም፤ ስለዚህ ፎይሉን እንደ እውነተኛው አውሮፕላን በትንንሽ ሰሌዳ ቆርጡት፣ ክንፉን ሙሉ በአንድ ቁራጭ ለማልበስ አትሞክሩ። አፍንጫው ላይ ደግሞ በቀጫጭን ሪባን ካልሆነ አይተኛም። መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ጤና ይጎዳል።

መመሪያው የሚያብረቀርቀው ገጽ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይሁን ይላል። አትስሙት። ያልተቀባ አውሮፕላን ብረት የሚያስመስለው አንዱ ሰሌዳ ከጎረቤቱ ትንሽ መለየቱ ነው። ፎይል ሁለት ዓይነት ገጽ አለው፦ ፋብሪካ ውስጥ በመጨረሻው ዳመጣ ሁለት ንብርብር አብሮ ስለሚያልፍ እርስ በርስ የተነካካው ገጽ ይፈዛል። ሁለቱንም ተጠቀሙ። አንዱን ሰሌዳ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ፣ ቀጣዩን በወርዱ በቀስታ እሹ፤ ብርሃኑን በተለያየ አቅጣጫ ይመልሱታል። ለሞተሮቹ አካባቢ የሚሆነውን ከመለጠፋችሁ በፊት ውኃ ውስጥ አፍሉት፤ ውኃ የፈላበት የአልሙኒየም ድስት እንደሚጠቁረው እሱም ግራጫ ይሆናል። የእውነተኛው አውሮፕላን ሰሌዳዎች የተያያዙባቸውን የምስማር መስመሮች ልብስ ሰፊዎች ንድፍ በሚያነሡበት ጥርሳም መንኮራኩር አወጣኋቸው፤ በዚህ ሥራ በጣም የምኮራበት ክፍል ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከምንም በላይ አደራ። የዲሲ-3 ኤሌሮኖች (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች)፣ ኤለቬተሮች (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የጅራቱ ክፍሎች) እና የጅራቱ መሪ በብረት ሳይሆን በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። መመሪያው ግን እነርሱንም በፎይል አስለብሶ የሚያበሩ አድርጓቸዋል። እኔ ፎይሉን ልጬ ወረቀቱን በፈዛዛ ብርማ ግራጫ ቀባሁት። ብናኙ የማይጎላ ቀለም እዚህ ላይ ተገቢ ነው፤ የወረቀቱ ሸካራነት የተወጠረ ጨርቅ ስለሚመስል ከጎኑ ያለው ፎይል ይበልጥ ብረት ሆኖ ይታያል። ፍላፖቹ (ለማረፍ ሲባል ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጉት) ግን ብረት ናቸው፤ እነርሱን አልብሱ።

ሲያልቅ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ብረቱን ያደበዝዘዋል። የጣት አሻራ ሲያርፍበት አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ይበቃዋል፣ የሰሌዳዎቹን ጠርዝ ሳይነኩ፣ አልኮሉ ሰርጎ ማስቲሹን እንዳያላቅቀው።