ሦስት ሳምንት ከ«ሥር» ጋር

አንድ ቃል መርጬ በየሙያው ምን እንደሚል በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የመረጥኩት «ሥር»ን ነው። ለአንድ ምሽት የሚበቃ መስሎኝ ነበር፤ እስካሁን 11 ገጽ ሞልቷል።

በዕፅዋት ጀመርኩ። ካሮት ሥር ነው፤ ድንች ግን አፈር ውስጥ የወፈረ ግንድ ነው፤ በላዩ ያሉት ዓይኖች ቡቃያ ናቸውና። ግብርናው ሁለቱንም «ሥራ ሥር» ብሎ ይጠራቸዋል።

«ደም ሥር» ላይ ስደርስ፣ ሥር ውኃ እንደሚያመላልስ ይህም ደም ስለሚያመላልስ ነው ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ «የአንገቱ ሥር ተገታተረ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ተጠራጠርኩ። የግእዙ «ሥርው» ጅማትንም ይጨምራል፤ ጅማት ደግሞ ምንም አያመላልስም። ስለዚህ ስያሜው ከሥራው ይልቅ ከመልኩ፣ ከቀጭን ክርነቱ የመጣ ይመስለኛል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የቋንቋው ክፍል ነው። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ተሰበረ፤ ሁሉም የበቀሉት ከስ-ብ-ር ነው። ሦስቱን ተነባቢዎች ብቻቸውን የሚናገራቸው የለም፤ እንደ ዛፍ ሥር ተሸሽገው ይመግባሉ። «ሥርወ ቃል» እና «ሥርወ መንግሥት»ም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «መሠረት»ንም ከእነርሱ ጋር መዝግቤው ነበር፤ ሳጣራ ግን የመጣው «ሣረረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ሆኖ ስላገኘሁት ሰረዝኩት። ለዓመታት «ስር» ብዬ በእሳቱ ሰ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን በንጉሡ ሠ ነው።

በሒሳብ፣ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አልኽዋሪዝሚ ያልታወቀውን ቁጥር በዐረብኛ «ጂዝር»፣ ማለትም ሥር፣ ብሎ ጠራው። የላቲን ተርጓሚዎች «ራዲክስ» አሉት። «ራዲካል» የተወለደው ከዚሁ ቃል ነው፤ እኛም በፖለቲካው «ሥር ነቀል» እንላለን። √ የሚለውን የሥር ምልክት ጀርመንኛ ጸሐፊው የሒሳብ ሊቅ ክሪስቶፍ ሩዶልፍ በ1525 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ አሳተመው። የአማርኛ ሒሳብ ግን «ዳግም ዘር» ይላል፦ የ9 ዳግም ዘር 3 ነው። ከ3 ዘር 9 ሲበቅል ይታየኛል፤ ከ«ሥር» ይልቅ ይህን እወደዋለሁ።

ኮምፒውተር ላይ ብዙ አልቆየሁም። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት «ሩት»፣ በእንግሊዝኛ ሥር፣ ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ነው፤ የአቃፊዎቹ ዛፍም ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ይሳላል።

የቀረኝ «ከጠረጴዛው ሥር» የሚለው ነው። እዚህ «ሥር» በታች ማለት ብቻ ነው። «ከዛፉ ሥር ተቀመጠ» ሲባል ግን በጥላው ይሁን በሥሩ አጠገብ አይለይም። ሁለቱ ትርጉሞች የተገናኙት እዚህ ሳይሆን አይቀርም። በመጪው ሳምንት እንዲህ በሁለት በኩል የሚነበቡ ዓረፍተ ነገሮችን እሰበስባለሁ፤ ያላችሁ አካፍሉኝ።