የኮሞዶው አርጃኖና ጎልያዱ ሸረሪት

በመንዝ ደጋ ያደግን ልጆች እንሽላሊትን የምናውቀው በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሸረሪትንም በጎተራው ጥግ ድሩን ሲያደራ ነው። እኔን ግን የሁለቱ ግዙፍ ዘመዶች ከማረኩኝ ቆይተዋል።

በኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚኖረው የኮሞዶ አርጃኖ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ጫፉ ለሁለት በተሰነጠቀው ምላሱ ሽታን ከአየር እየለቀመ ጥንብን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያገኛል። ታዳኙን የሚገድሉለት በአፉ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቢቆይም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣ ጥናት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግና የደም ግፊትን የሚያወርድ መርዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች በታችኛው መንጋጋው እንዳሉ አሳይቷል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሴቷ ያለ ወንድ የሚፈለፈል እንቁላል መጣል መቻሏ ነው።

በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ደኖች የሚገኘው ጎልያድ ታራንቱላ የተባለው ሸረሪት እግሮቹን ሲዘረጋ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ክብደቱ ግን 170 ግራም ገደማ ነው። «ወፍ በል» እየተባለ ቢጠራም የዘወትር ምግቡ የምድር ትልና ነፍሳት ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ላደግን ሰዎች እንግዳ የሚሆነው፣ ይህ ሸረሪት ለአደን ድር አለመዘርጋቱ ነው፤ ከጉድጓዱ አድፍጦ ይዘላል እንጂ። ጠላት ሲመጣበት ደግሞ የሆዱን ጠጉር በኋላ እግሮቹ እየፋቀ ይበትናል፤ ጠጉሩም ዓይንንና ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል።

በጉልበት አርጃኖውን የሚስተካከለው የለም፤ በመከላከል ብልሃት ግን እኔ ለሸረሪቱ አደላለሁ።