የእምዬ አርባ

ዛሬ የአያቴን የእምዬን የአርባ ቀን ተዝካር ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቷ አወጣን፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ወደ ቤት ስገባ ዓይኔ ያረፈው ከረከቦቱ አጠገብ ባለችው፣ ማንም ሊቀመጥባት ባልደፈረው ዱካዋ ላይ ነበር። እምዬ ቡና ስታፈላ ከተቀመጠው ሰው ቁጥር ሁልጊዜ ሁለት ሲኒ አስበልጣ ትደረድር ነበር። ለማን እንደሆነ ስንጠይቃት «እንግዳ አይጠፋም» ትለን ነበር፤ እውነትም ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጎረቤት ወይም መንገደኛ ብቅ ሳይል የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰባት ልጆች ያሳደገችላቸው ባለቤቷ፣ አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ብዙም አልተናገሩም። ማምሻውን፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ቡና ሲቀርብ ግን ሲኒዎቹን በጣታቸው ቆጠሩና አክስቴን ቀና ብለው እያዩ «ሁለት ይጎድላል» አሏት።